ሳህኑ ባዶውን ይመለስ፦ ሰው ላይ ዕዳ የማይጥል የዕለት ደግነት

ጎረቤት በሳህን ወጥ ቢልክ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ዳቦም ይሁን ብርቱካን፣ ከቤት የተገኘ ነገር ጣል ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። ደስ የሚል ልማድ ነው። ግን ቤቷ በሽተኛ የተኛባት ወይም ደመወዝ ሳይወጣ አስቤዛው ያለቀባት ሴት፣ ያንን ሳህን መደርደሪያ ላይ ባየች ቁጥር ትጨነቃለች። ምን አድርጋበት ትመልሰው? ትናንት ደግነት የነበረው ዛሬ ይሉኝታ ሆነ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በዚያች ሳህን ነው። ተቀባዩ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ነገሩ እዚያው ካለቀ ልኩን አግኝቷል። ምን ልመልስ ብሎ ማሰብ ከጀመረ ግን በዝቷል። የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ደብተርና በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ገንዘቡ የታክሲ ዝርዝር ያህል ቢሆን ይበቃል።

1. ሰዎቹን በስማቸው ይጻፉ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ እያገኟቸው ስማቸውን የማያውቋቸውን ሰዎች ይዘርዝሩ። የግቢው ጥበቃ፣ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት፣ ሊስትሮው፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው። ሰባት ሰው ይበቃል። ሃያ ሰው የጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን የት እንዳኖረው ይረሳል።

ስም የሚጠየቀው ሰውየው ሥራ ላይ ሲዋከብ አይደለም። ረፋድ ላይ፣ እጁ ሲፈታ፣ «ይኸው ስንት ጊዜ ተያይተን ስምዎን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ማን ልበል?» ማለት ነው። ስሙን በዚያው ቀን ይጻፉት፤ በማግስቱ ከሰላምታው ጋር ይጥሩት። ሦስት ቀን ካለፈ ይጠፋል፣ ሁለተኛ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል።

አጠራር ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ስድሳ ዓመት የሞላቸውን ጥበቃ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ «አንተ» ሲላቸው ይውላል፤ እርስዎ «ጋሼ» ብለው ስማቸውን ቢጨምሩበት ሻይ ከመጋበዝ ይበልጣል። «ዘበኛ» ከማለት «ጥበቃ»፣ «ወያላ» ከማለት «ረዳት» ይሻላል። በሌላ በኩል ሠላሳ ዓመት ያልሞላትን ሴት «እትዬ» ወይም «እማማ» ማለት አክብሮት መስሎ ስድብ ይሆናል። ሲያጠራጥር «እህቴ» እና «ወንድሜ» የትም አያጣሉም።

ሰላምታችን ረጅም ነው፤ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ልጆች ደህና፣ ቤተሰብ ደህና፣ እየተባለ ይሄዳል። ሁለቱም ወገን ሳይሰማው ሊያልቅም ይችላል። እንዲሰማ የሚያደርገው መጨረሻ ላይ የምትጨመር አንዲት የተለየች ጥያቄ ናት፦ «ልጅህ ፈተናው እንዴት ሆነለት?» «የእናትሽ ጉልበት ተሻላት?» ይህች ጥያቄ ከደብተሩ ነው የምትመጣው። ሰው የነገረዎትን አንድ ነገር ከስሙ ጎን በሁለት ቃል ይጻፉ፤ «ልጅ፣ 12ኛ ክፍል» ካሉ በቂ ነው። ሚስጥር ከሆነ ግን አይጻፉት፣ በሰው ፊትም አይጠይቁት።

2. ምስጋናውን ይሥሩት

«አመሰግናለሁ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ሂሳብ ሲከፈልም፣ ስብሰባ ሲዘጋም ስለምንለው ሳስቷል። ደህና ምስጋና ሦስት ነገር አለው፦ ሰውየው ያደረገው፣ እርስዎን ከምን እንዳሳረፈዎት፣ ከዚያም ምርቃት። «ትናንት ዝናቡ ሳይመጣ ልብሱን ስላነሳሽልኝ፣ ዛሬ ልጆቹ ደረቅ ዩኒፎርም ለበሱ። እጅሽ ይባረክ።» ሁለተኛዋን ክፍል ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ሰውየው ልፋቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ግን በእሷ ነው።

ምርቃቱን ለሥራው ይምረጡ። ምግብ ለሠራ ወይም በእጁ ለደከመ «እጅህ ይባረክ»፣ ለሰጠ «ይስጥልኝ»፣ ለታላቅ ሰው «ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ»፣ አዲስ ለለበሰ «በላይህ ይለቅ»። መንገድ ላይ ቦይ ሲቆፍሩ ወይም ሲጠርጉ ለሚያዩዋቸው «አይዟችሁ፣ በርቱ» ብሎ ማለፍ የቆየ ወግ ነው፤ ከተማ ውስጥ እየጠፋ ስለሆነ ቀና ብለው ያዩዎታል። ለሙስሊም ጎረቤት «አላህ ይስጥልኝ» ቢሉ ቤተኛ ያደርግዎታል።

የጽሑፍ መልእክት ከላኩ አጭር ያድርጉት። ተራ የሞባይል መልእክት በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይሄዳል። «ትናንት ልጄን መንገድ ስላሻገርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሐሳብ ቀለለልኝ።» ይህ በአንዱ ይገባል። የአበባና የሻማ ሥዕል ያለበት፣ ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ መልካም ምኞት እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ላኪውም አላነበበው።

ምስጋና የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማወዳደር ነው፤ «ከሁሉም አንቺ ትሻያለሽ» ሌሎቹ በሰሙበት ከተባለ ሴትዮዋ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተጣልታ ትውላለች። የአለቃን ምስጋና ለአለቃ መንገር ይቻላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሥራ ግን ለእሷ ከነገሩ በኋላ እሷ በሌለችበት ለኃላፊዋም ይንገሩ፤ ኑሮዋን የሚጠቅማት ይሄኛው ነው። ሁለተኛው መልክ ላይ መናገር ነው። «ወፍረሃል» ድሮ ሙገሳ ነበር፣ ዛሬ ግማሹን ያስቀይማል፤ «ከሳህ» ደግሞ ማንንም ደስ አሰኝቶ አያውቅም። ሕፃን ሲያዩም ውበቱንና ውፍረቱን ከማድነቅ «እደግ»፣ «እደጊ» ወይም «ማሻ አላህ» ማለት ይሻላል። እናቲቱ ዓይን ባትፈራ እንኳ አያቲቱ ትፈራለች።

3. ምግብና ቡና

ምግብ ለመላክ ከመነሳትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጾም ነው ወይ? ሥጋው የማን ነው? ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ብዙዎች በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ስለማይቀምሱ ጠዋት የደረሰ ምግብ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሙስሊሙ የክርስቲያን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም ሥጋ በአብዛኛው አይበላም። ስለዚህ ማንም ቤት የሚገባው በዘይት የተሠራ የምስር ወጥ፣ ጎመን ወይም ፍራፍሬ ነው። በረመዳን ከሆነ ጥቂት ቴምር ወይም ሳምቡሳ ከመግሪብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው በር ላይ ሰጥተው ይሂዱ። አዛን ሲል እዚያው ከተገኙ ግቡ፣ ተቀመጡ መባልዎ አይቀርም፣ ደግነት ሊያደርጉ ሄደው አስፈጣሪ አገኙ ማለት ነው።

መጠኑ ለቤቱ ሰው አንድ ጊዜ የሚበቃ ይሁን። ለአራት ሰው አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሙሉ ወጥና ስምንት እንጀራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ይበላሽበታል፣ መጣሉ ደግሞ ኃጢአት መስሎ ይሰማዋል። አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ፦ የሚመለስ ዕቃ አይጠቀሙ። የታጠበ የአይስክሬም ወይም የቅቤ ላስቲክ ዕቃ ፈልገው «ዕቃውን ጣይው» ብለው ይስጡ። የቤትዎ ሳህን ከሆነ ደግሞ ቆመው ያስገልብጡና ባዶውን ይዘው ይመለሱ። ትንሽ ያፈነገጠ ይመስላል፤ ግን ጎረቤትዎን ከሦስት ቀን ሐሳብ ያሳርፋል።

ቡና መጥራት ከሁሉም የቀለለ መንገድ ነበር፤ ከተሜው የሚሸሸው በርዝመቱ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ደግሞ ነውር መስሎ ይታያል። ሲጠሩ አስቀድመው ይገላግሏት፦ «አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ፣ አልይዝሽም።» ለአምስት ሰው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሲኒ ጥሬ ቡና ይበቃል። ፈንዲሻ ወይም ቆሎ በእያንዳንዱ ቀን፣ በጾምም በፍስክም ይሄዳል። ድፎ ዳቦ ከጋገሩ ግን ነገሩ ድግስ ሆነ፤ የሚቀጥለው ሳምንት እሷ ተራዋን ልትደግስ ነው።

ለሌሊት ጥበቃ ሻይ የሚያስፈልገው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አይደለም፤ ያኔ ሁሉም ያስታውሰዋል። ብርዱ የሚከፋው ሌሊት 10 እና 11 ሰዓት ላይ ነው። ከመተኛትዎ በፊት በፔርሙስ ሞልተው ይስጡትና ጠዋት ሲወጡ ይቀበሉት። ስኳሩን ለብቻ በወረቀት ጠቅልለው ይስጡ፤ ስኳር ያለበት ሰው ሳያፍር መተው ይችላል።

ጉርሻ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ጉርሻው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ሆኖ፣ ሰውየው አፉን ሲያዘጋጅ ነው። «አንድ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛው ሲከተል፣ የጨጓራ ሕመምተኛው በይሉኝታ ይውጣል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። የሰው እምቢታ የመግደርደር ይሁን የእውነት ለመለየት የሚሠራው ልክ ይሄ ነው፦ አንዴ ይጋብዙ፣ ሁለተኛ «በሞቴ» ይበሉ፣ ከዚያ ይተዉት።

4. የከፋ ቀን ሲመጣ

ሰው የማይረሳው እዚህ የተደረገለትን ነው፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ይበዛል።

ለቅሶ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ድንኳኑ በእድርተኛ የተሞላ ነው፤ ወንበሩም፣ ሳህኑም፣ ንፍሮውም አለ። የእርስዎ መምጣት ግዴታ ነው፣ ግን የጎደለ አይሞላም። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ፣ የሩቅ ዘመድ ሲሸኝ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ደብተርዎ ላይ ሦስት ቀን ይመዝግቡ፦ አራተኛው ቀን፣ አሥረኛው ቀን፣ ለአርባው ሳምንት ሲቀረው። አራተኛው ቀን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ መሸት ሲል፣ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ትንሽ ቡና ይዘው ሄደው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። አያውሩ ቢባል ይሻላል። «እንዴት ሆኖ ሞተ?» አይጠየቅም፤ ሐዘንተኛዋ ለሁለት መቶኛ ጊዜ ልትተርከው ነው። «በቃሽ፣ አታልቅሺ» አይባልም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ በሙስሊም ቤት «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ዝም ማለት ነው። አሥረኛው ቀን ላይ ሥራ ይዘው ይሂዱ፤ ከአርባው በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ለዝክሩ እህል ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሰው መጥራት አለ።

ሥራ ሲባል «ምን ላግዝ?» ማለት አይደለም። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም፣ ኧረ ተዉ» ነው፤ ያዘነ ሰው ሥራ አከፋፋይ መሆን አይችልም። የተወሰነ፣ ሰዓት ያለው፣ እምቢ ለማለትም የሚመች ነገር ይናገሩ፦ «ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ትምህርት ቤት እኔ አደርሳለሁ። ካልፈለግሽ ማታ ደውይልኝ።» ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው።

መርዶ። ዘመዱ ውጭ አገር ያለ ሰው ሲሞት፣ ወይም የሞተው ውጭ ሆኖ ቤተሰቡ አገር ቤት ሲሆን፣ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ መለጠፍ ትልቁ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። መርዶ በወጉ ማለዳ፣ በታላላቅ ሰዎች፣ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ባለበት ይነገራል። ዋሽንግተን ያለች ሴት የእናቷን ሞት አውቶቡስ ውስጥ ስልኳ ላይ እንድታነበው ምክንያት አይሁኑ። ቤተሰቡ «ተረድቷል» እስኪባል ድረስ ፎቶም፣ ጥቅስም፣ የግል መልእክትም አይላክ። ይህን መጠበቅ ብቻውን ደግነት ነው፤ ምንም አያስወጣም።

ሆስፒታል። መጀመሪያ አስታማሚውን ደውለው የመጠየቂያ ሰዓቱን ይጠይቁ። ከሁለት ሰው በላይ ሆነው አይግቡ፣ አልጋው ላይ አይቀመጡ፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ይነሱ። ሽቶ ይተዉ። ጭማቂና ለስላሳ ከመግዛትዎ በፊት ስኳር ወይም ኩላሊት አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጭማቂ አልጋ ሥር ተደርድሮ የሚቀረው ባለመጠየቅ ነው። በነገራችን ላይ በሽተኛው ብዙ ጊዜ ይመገባል፤ የተራበው፣ ወንበር ላይ ሦስት ሌሊት ያደረው አስታማሚው ነው። ለእሱ የሚወሰደው የስልክ ቻርጀር፣ ጋቢ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ፣ ሳሙናና ፎጣ ነው። ሁለት ሰዓት ተክተውት ቤቱ ሄዶ ገላውን ታጥቦ እንዲመለስ ቢያደርጉ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

አራስ ጥየቃ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው፣ እጅ ታጥበው፣ ሕፃኑን ሳይስሙ ነው። ጉንፋን ከያዘዎት ይቅር፣ ይደውሉ። ለገንፎ የሚሆን ሁለት ኪሎ የገብስ ዱቄት ወይም ለአጥሚት የሚሆን አንድ ኪሎ የአጃ ዱቄት ይውሰዱ፤ ጊዜ ስለሚቆይ አያስቸኩላትም። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም አያስፈልገውም፤ ቅቤ ላውጠው የሚል ሽማግሌ ቢነሳ በጨዋ ቃል ያስተዉ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው የተከማቸውን ዕቃ አጥበው ይውጡ። እሷ ተነስታ ቡና ካፈላችልዎት ጥየቃው ከሽፏል።

5. ገንዘብና ሩቅ ያለ ሰው

ገንዘብ ሲሰጥ ሦስተኛ ሰው አይይ፤ ካሜራ ደግሞ ጭራሽ። ለሽማግሌ ሲሰጥ በፖስታ ወይም በታጠፈ ወረቀት፣ በሁለት እጅ ነው። በቴሌብር ከሆነ የምስጢር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ያንብቡት። አንድ አሃዝ ስቶ ለማያውቁት ሰው የሄደ ብር ማስመለስ አድካሚ ነው። ካርድ መሙላት ከብር ይልቅ ይቀልላል፤ ትንሽ ስለሆነ ማንም መልሱን አያስብም። ታክሲ ውስጥ ዝርዝር ለጠፋበት ሰው «የእሱንም ቁረጥ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ከፍለው ወደ መስኮቱ ይዙሩ፣ ወሬ አይጀምሩ።

ውጭ ላለ ዘመድ ትልቁ ችግር የስልኩ ዓላማ ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣባት ልቧ የሚመታው፣ ወይ ሞት ወይ የገንዘብ ጥያቄ ስለሚሆን ነው። በወር አንድ ጊዜ ምንም የማይጠይቅ መልእክት ይላክላት፤ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ፣ «ምንም አልፈልግም፣ ጤናሽን ብዬ ነው» የሚል፣ ከጀርባው የዶሮው ጩኸትና የልጆቹ ድምፅ ቢሰማ እሰየው። ቀን አይደወልም፤ አሠሪ ፊት ማንሳት ላትችል ትችላለች። ሰዓቱን ልብ ይበሉ፦ ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ዋሽንግተን በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «እንዴት አደርሽ» ብለው ቢደውሉ ዋሽንግተን ሌሊት ነው።

6. ከወር በኋላ ደብተሩን ይመርምሩ

አራት ሳምንት ሲሞላ በየስሙ ፊት የተደረገውንና ከዚያ በኋላ የሆነውን ያስተያዩ። ስሙን ጠርተው ሰላም ያሉት ሰው አሁን ቀድሞ ሰላም የሚልዎት ከሆነ ይቀጥሉ። ከእርስዎ መሸሽ የጀመረ ካለ፣ ወይ በሰው ፊት አድርገውታል ወይ በዝቶበታል፤ ሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር ይተዉት። ተቀባዩ ከሰጡት የሚበልጥ ነገር ይዞ ከመጣ፣ ለምሳሌ ወጥ ላኩላትና ዶሮ ሠርታ ከላከች፣ ደስታዎን ገልጸው ይቀበሉ፣ እርስዎ ግን በዶሮ ላይ በግ አይጨምሩ። የሚቀጥለውን በግማሽ ያውርዱት፤ ከወጥ ወደ ቆሎ፣ ከቆሎ ወደ «እንዴት አደርሽ»። ሳህኗን ባዶ አድርጋ ያለ ሐፍረት ስትመልስልዎት ልኩ ተገኝቷል፤ ያንን መጠን ከስሟ ጎን ይጻፉት።